ከችግኙ በፊት ሳሩን እንቁጠር

(ይህ ጽሑፍ ደሴ ላይ ለመምህራን፣ ለግብርና ባለሙያዎችና ለተማሪዎች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንዱን ቦታ አሳጥሬዋለሁ። መጨረሻ ላይ ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቶቹን አስገብቻለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ።

በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ወሎ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ ወሬ አለ። "ድሮ ሁሉም ደን ነበር፣ አሁን ተራቆተ፣ ስለዚህ ዛፍ እንትከል" የሚል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ ደጋግመን ሰምተነዋል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህም በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ ይዘን ስንወጣ የምንሰማው ይህንኑ ነው። ዛፍ መትከል ደግ ሥራ ነው፤ እኔም እተክላለሁ። ወሬው ግን ግማሽ ነው። የቀረውን ግማሽ ይዤ ነው የመጣሁት።

ሁለት ጥናቶችን ላንሳ። ዶናልድ ክራሚ የሚባል የኢትዮጵያ ታሪክ ተመራማሪ ነበር። በጣሊያን ወረራ ዘመን ወሎ ውስጥ የተነሱ ፎቶዎችን ይዞ መጣና፣ እነዚያው ቦታዎች ላይ እየቆመ እንደገና ፎቶ አነሳ። ያገኘው ነገር ብዙ ሰው ከሚጠብቀው ተቃራኒ ነው። በብዙዎቹ ቦታዎች ዛፉ ከድሮው በዝቶ ተገኘ። የበዛው ግን በአብዛኛው ገበሬው ራሱ የተከለው ባህር ዛፍ ነው።

ሁለተኛው እዚሁ ጎረቤታችን ቃሉ ላይ የተሠራ ነው። ክብሮም ተክሌና ላርስ ሄድሉንድ በ1958 እና በ1986 እ.ኤ.አ. የነበረውን የመሬት ሽፋን አነጻጸሩ። ቁጥቋጦው፣ የወንዝ ዳር ዕፅዋቱና ደኑ ቀንሷል። ገላጣው መሬትና መንደሩ ጨምሯል። የሚገርመው የታረሰው መሬት ስፋት ብዙም አልተለወጠም። "ሕዝቡ በዛ፣ ደኑን መንጥሮ አረሰው" የሚለውን አፋችን ላይ የለመደ ማብራሪያ ቃሉ ላይ ወስዳችሁ ብትለኩት አይገጥምም።

ሁለቱን አንድ ላይ ሳያቸው ጉዳዩ ይገለጥልኛል። ዛፍ እየበዛ መሬት ሊደኸይ ይችላል። የጠፋው ማንም የማይቆጥረው ነው፤ ቁጥቋጦው፣ የሳሩ ዓይነት፣ በሳሩ መሃል የሚበቅለው ቅጠላ ቅጠል። ስለ ችግኝ ቁጥር ሪፖርት እናቀርባለን። ስለ ሳር ዓይነት ሪፖርት ያቀረበ ቀበሌ አይታችኋል? እኔ አላየሁም።

እንግዲህ ይህ የሳርና የቁጥቋጦ ዓይነት መብዛት ለመሬቱ ምን ያደርግለታል? መልሱ ያለው አፈር ውስጥ በሚዞረው ምግብ ላይ ነው። የተክል ምግብ ስል በተለይ ናይትሮጂንንና ፎስፈረስን ነው። እነዚህ ነገሮች ይዞራሉ። ተክሉ ከአፈር ይወስዳል፣ ከብቱ ተክሉን ይበላል፣ እበቱና ሽንቱ መሬት ላይ ይወድቃል፣ ቅጠሉም ሥሩም ይረግፋል፣ ጥንዚዛውና ትሉ ይቆራርጠዋል፣ ባክቴሪያና ፈንገስ ያብላሉታል፣ እንደገና ተክሉ ይወስደዋል። ልክ እንደ ዕቁብ ነው። ገንዘቡ ተራ እየጠበቀ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል እንጂ አይወልድም፤ ዕጣው ከደረሰው አባል አንዱ መክፈሉን ካቆመ ግን ዕቁቡ ይፈርሳል። በሣር መሬት ላይ ምግቡን ወስደው የማይመልሱት ማን ማን ናቸው? ጎርፍ አንዱ ነው። የኩበት እሳት ሁለተኛው ነው። ሦስተኛው የማይታይ ነው፤ በዝናብ ታጥቦ ሥር ከሚደርስበት በታች የሚወርደው ናይትሮጂን። ወደ ሁሉም እመጣለሁ።

መጀመሪያ ግን ምግቡ ከየት ይገባል የሚለውን እንይ። እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የምወደው ክፍል ነው።

በመስከረም መጨረሻ ወደ ጃማ ወይም ወደ ደላንታ ውጡ። ጥቁሩ ዋልካ አፈር ላይ፣ በእርሻው ድንበርና በግጦሹ መሃል፣ ወይን ጠጅና ነጭ አበባ ያለው፣ ሦስት ሦስት ቅጠል ያለው አጭር ተክል ታያላችሁ። ማገጥ ነው። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ማገጥ ያለበት መስክ ላይ የዋለች ላም ወተቷ እንደሚጨምር እናቶቻችን ያውቃሉ። አገራችን ውስጥ ከሃያ በላይ የማገጥ ዓይነት በተፈጥሮ ይበቅላል። ከእነዚህ ውስጥ ከኢትዮጵያ ውጪ በየትም የማይገኙ አሉ። በዓለም ላይ በማገጥ ዓይነት ሀብታም ከሚባሉት ቦታዎች አንዱ ላይ ቆመናል ማለት ነው።

አንድ ማገጥ በዶማ ዙሪያውን ቆፍራችሁ ከነአፈሩ አንሱት። በእጅ አትንቀሉት፤ ከነቀላችሁት የምንፈልገው ነገር መሬት ውስጥ ይቀራል። አፈሩን ባልዲ ውኃ ውስጥ ቀስ ብላችሁ እጠቡት። ቀጫጭኑ ሥር ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ እብጠቶች ተለጥፈው ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ለሁለት ክፈሉት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ ሥራ ላይ ነው። አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ጊዜው አልፏል። ነጭ ከሆነ ገና አልጀመረም፣ ወይም አይሠራም።

ያ ቅላት ምን መሰላችሁ? በእኛ ደም ውስጥ ኦክስጅን ተሸክሞ የሚዞረው ቀይ ንጥረ ነገር ዘመድ ነው። እብጠቱ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ናይትሮጂንን ከአየር ይወስዳሉ። አየር 78 በመቶው ናይትሮጂን ነው፤ ተክል ግን በቀጥታ ሊጠቀምበት አይችልም። ባክቴሪያዎቹ ተክሉ ሊወስደው ወደሚችለው መልክ ይለውጡታል። ይህን የሚሠራው መሣሪያቸው ኦክስጅን ሲነካው ይበላሻል፤ እነሱ ራሳቸው ግን ለመተንፈስ ኦክስጅን ያስፈልጋቸዋል። ያ ቀይ ነገር ኦክስጅኑን ይዞ በመጠኑ እየለቀቀ ሁለቱንም ያስታርቃል። ተክሉ ደግሞ ለባክቴሪያዎቹ ስኳር ይሰጣቸዋል። በዶማና በባልዲ ውኃ ብቻ ይህን ማየት ይቻላል። መምህራን፣ እባካችሁ ለተማሪዎቻችሁ አሳዩዋቸው። ማገጥ ካጣችሁ ባቄላ ወይም ምስር ላይም ታገኙታላችሁ።

ከአንድ ኩንታል ዩሪያ ውስጥ 46 ኪሎው ናይትሮጂን ነው። ያንን በውድ እንገዛለን። ማገጥ፣ ግራር፣ ባቄላ፣ ምስር ይህንኑ ናይትሮጂን ከአየር ያመጣሉ። አንድ የግጦሽ መሬት ላይ ማገጥ ሲጠፋ የጠፋው ጥሩ መኖ ብቻ አይደለም። ለመስኩ ናይትሮጂን የሚያስገባው በር ተዘጋ ማለት ነው። ማገጥ ከጠፋበት መስክ ላይ የሚቀረውን ታውቃላችሁ፦ ከብት የማይነካው እምቧጮ፣ ተነጭቶ ተነጭቶ ከመሬት የተጣበቀ ሳርና ድንጋይ።

ፎስፈረስ ከዚህ ይለያል። አየር ውስጥ የለም። የሚመጣው ከድንጋይ ነው፣ እሱም እየተፈረፈረ እጅግ በዝግታ። ደጋው ላይ ያለው ቀይ አፈር ደግሞ ፎስፈረስን ከብረትና ከአሉሚኒየም ጋር አጣብቆ ይይዘዋል፤ አፈሩ ውስጥ እያለ ተክሉ ይራባል። ብዙዎቹ ተክሎች መውጫ ያገኙት ሥራቸው ላይ ከሚኖር ፈንገስ ጋር በመተባበር ነው። የፈንገሱ ክር ከተክሉ ሥር በጣም ስለሚቀጥን፣ ሥሩ የማይገባበት ቀዳዳ ገብቶ ፎስፈረስ ያመጣል። መሬት በተራቆተ ቁጥር፣ ሕያው ሥር በጠፋ ቁጥር፣ ይህ ፈንገስ ማደሪያ ያጣል። እንደገና ችግኝ ስንተክል ችግኙ ባዕድ አፈር ላይ የሚቆመው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ በልግ ልሂድ። ወሎዬ ሆኖ በልግን የማያነሳ ሰው የለም።

ኅዳር፣ ታኅሣሥና ጥር አፈሩ ይደርቃል። ሲደርቅ ውስጡ ካሉት ጥቃቅን ሕይወቶች ብዙዎቹ ይሞታሉ። ከዚያ የካቲት ወይም መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ይወርዳል። በዚያች ቀን አፈር ውስጥ የሚሆነው ነገር ይገርማል። የተረፉት ባክቴሪያዎች ይነቃሉ፣ የሞቱትን ይበላሉ፣ ደርቆ የቆየውን ብስባሽ ይበላሉ፣ በጥቂት ቀናት ውስጥም ብዙ ናይትሮጂን ይለቃሉ። ይህን በምሥራቅ አፍሪካ አፈር ላይ መርምሮ በ1958 እ.ኤ.አ. ያሳተመው በርች የሚባል ተመራማሪ ነው፤ በእሱ ስም "የበርች ውጤት" ይሉታል። ገበሬው በበኩሉ ቀድሞ መዝራቱ የሚጠቅመው ለምን እንደሆነ በዓይኑ ያየዋል።

ጥያቄው ይህ ነው፦ ያ የተለቀቀው ናይትሮጂን ማን እጅ ይገባል? ናይትሮጂኑ ውኃ ውስጥ ሟሙቶ ነው የሚቀመጠው። የሚጠጣው ሕያው ሥር ካላገኘ ቀጣዩ ዝናብ ወደ ታች ያወርደዋል፣ ወይም ከጎርፉ ጋር ወደ ቦርከና ወንዝ ይሄዳል። መስኩ ላይ ያለው ዘር ከሆነ ብቻ፣ ማለትም በየዓመቱ ሞቶ በዘሩ የሚበቅል አረም ብቻ ከሆነ፣ ሥር ሲያወጣ ናይትሮጂኑ አልፏል። ሰንበሌጥ፣ አክርማና ሰርዶ ካሉ ግን ነገሩ ይለወጣል። እነዚህ በጋውን ሥራቸው ሳይሞት ነው የሚከርሙት። ዝናቡ የነካቸው ዕለት መጠጣት ይጀምራሉ። የሰርዶ ሥር ከላይ ይሰራጫል። የሰንበሌጥ ሥር ወደ ታች ይወርዳል። የቁጥቋጦ ሥር፣ የክትክታና የደደሆ፣ ከሳሩ በታች ያለውን ይይዛል። ማገጥ ዘግይቶ ክረምቱ ላይ ይመጣል። አንዱ ያመለጠውን ሌላው ይይዘዋል። የዓይነት መብዛት ጥቅሙ ይኸው ነው፤ ሥሮቹ የተለያየ ጥልቀት ላይ፣ በተለያየ ወር ስለሚሠሩ መሬቱ ባዶ እጁን የሚሆንበት ጊዜ ያጥራል።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ሲዳር ክሪክ የሚባል የምርምር ቦታ አለ። በ1988 እ.ኤ.አ. ከባድ ድርቅ መታው። ዴቪድ ቲልማንና ባልደረባው የተለያየ መጠን ማዳበሪያ በተደረገባቸው ቁራሾች ላይ ከድርቁ በፊት የነበረውንና በድርቁ ጊዜ የተገኘውን የሳር መጠን አነጻጸሩ። የሳር ዓይነት የበዛበት መሬት ምርቱ ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። ዓይነቱ ያነሰበት ግን ወደ አንድ ስምንተኛ ገደማ ወረደ። ተቺዎች ዝም አላሉም። "ዓይነቱ ያነሰው ማዳበሪያ ስለበዛበት ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ማዳበሪያው ይሆናል" አሉ። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ስለዚህ በ1994 እ.ኤ.አ. ሆን ተብሎ የተዘራ ሙከራ ተጀመረ። 168 ቁራሽ መሬት ላይ 1፣ 2፣ 4፣ 8 ወይም 16 ዓይነት ተክል ዘሩ። ዓይነቱ በበዛ ቁጥር ምርቱ ጨመረ፤ ልዩነቱም ዓመት በጨመረ ቁጥር እየሰፋ ሄደ። እዚያው በተሠራ ሌላ ሙከራ ደግሞ የተክሉ ዓይነት ሲበዛ አፈር ውስጥ ሳይወሰድ የሚቀረው ናይትሮጂን ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ልክ አሁን ስለ በልግ ዝናብ የነገርኳችሁ ነው።

ሚኒሶታ በረዶ አገር ነው፤ ሳሩም የእኛ ሳር አይደለም። ቁጥሩን እንዳለ ወስደን ለገምቦ ላይ አንለጥፈውም። ምክንያቱ ግን፣ የሥር ጥልቀትና የወቅት ልዩነቱ፣ እዚህም ይሠራል። ይልቁንም ሁለት ወቅት ዝናብ ላለን፣ በልጉም ክረምቱም እምነት ለማይጣልበት ለእኛ ይበልጥ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ሌላ የውጭ ምሳሌ ልጨምር፤ ማዳበሪያ ስለምንወድ ይጠቅመናል። እንግሊዝ ውስጥ ሮታምስቴድ የሚባል ቦታ ከ1856 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ የሳር መስክ ላይ ሙከራ ይካሄዳል። ዛሬም አልተቋረጠም። ምንም ያልተጨመረበት ክፍል ላይ በርካታ ዓይነት ተክል አለ። በየዓመቱ የአሞኒየም ማዳበሪያ ብቻ የተደረገበት ክፍል ላይ አፈሩ መረረ፣ አሲዳማ ሆነ፣ የተክሉም ዓይነት በጣት የሚቆጠር ሆነ። ትሎቹ ጠፉ። የሞተው ሳር ሳይበሰብስ እንደ ምንጣፍ ተነባብሮ ተቀመጠ። ዙሩ ቆመ ማለት ነው። ማዳበሪያ አትጠቀሙ እያልኩ አይደለም። እርሻ ላይ፣ በመጠን፣ በምርመራ ይጠቅማል። የግጦሽ መስክን በማዳበሪያ አድናለሁ ማለት ግን የሚያዋጣ አይደለም።

ወደ ዛፉ እንምጣ። ዛፍ ላይ ዋናው ጥያቄ ቅጠሉ ነው። የብሳናና የዋንዛ ቅጠል ሲረግፍ ቶሎ ይበሰብሳል፤ ናይትሮጂኑንም ፎስፈረሱንም ቶሎ ይመልሳል። ገበሬዎች እርሻቸው መሃል ብሳና ሲያገኙ የሚተዉት በከንቱ አይደለም። የጽድ ቅጠል ይዘገያል። የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይትና መራራ ነገር ስላለው ይበልጥ ይዘገያል። መዘግየት ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ቶሎ የሚበሰብሰው ዛሬ ይመግባል፤ የሚዘገየው አፈሩን ሸፍኖ ከዝናብ ጠብታ ይከላከላል፣ ውኃ ይይዛል። ሁለቱም ሲቀላቀሉ ነው የሚያምረው። ለዚህ ነው በየደብሩና በየመስጊዱ ግቢ፣ ለምሳሌ ሐይቅ እስጢፋኖስ፣ ወይም ደግሞ የጎፍ ተራራ ደን ውስጥ ገብታችሁ ቅጠሉን በእግራችሁ ገለጥ ስታደርጉት ጥቁር፣ እርጥብ፣ ጥሩ ሽታ ያለው አፈር የምታገኙት። አንድ ዓይነት ዛፍ ብቻ የተተከለበት ቦታ ላይ ደረቅ ቅጠል ታገኛላችሁ፣ ከሱ ሥር ወዲያው ጠንካራ መሬት።

ወደ ራያ ቆቦ ስትወርዱ ደግሞ ገርቢ አለ፤ ትግራይ ውስጥ ሞሞና ይሉታል። የግራር ዘመድ ነው፣ ናይትሮጂን ያመጣል፣ ጠባዩ ግን ከሌላው ዛፍ ሁሉ የተገላቢጦሽ ነው። በክረምት ቅጠሉን ያራግፋል፤ በበጋ ቅጠል ያወጣል። ስለዚህ ማሽላው ሲበቅል ጥላ አይጥልበትም፤ ከብቱ ሲራብ ደግሞ ቅጠልና ፍሬ ይሰጠዋል። ሥሩ ከማሽላው ሥር በታች ያለውን ምግብ ስቦ በቅጠሉ በኩል ላዩ ላይ ያፈሰዋል። በጥላው ሥር ያለው ማሽላ ከመስኩ መሃል ካለው የሚሻለው ለዚህ ነው። አንድ ሺህ ችግኝ ከመትከል አሥር ገርቢ ከመቆረጥ ማዳን የሚበልጥበት ቦታ አለ።

ስለ አፈር መታጠብ በቁጥር ልናገር። እዚሁ ደቡብ ወሎ ማይባር ላይ በ1981 እ.ኤ.አ. የአፈር ጥበቃ ምርምር ጣቢያ ተከፍቷል። የስዊዘርላንዱ ሀንስ ሁርኒ በዚያ ዘመን ባወጣው ግምት፣ በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ መሬት በዓመት ከሄክታር በአማካይ 42 ቶን አፈር ይታጠባል። ከግጦሽ መሬት 5 ቶን። ከደን 1 ቶን። ተራቁቶ ምርት ካቆመ መሬት ግን 70 ቶን። በ5 እና በ70 መካከል ያለውን ልዩነት የሚያመጣው ሳር ነው። መሬት የሸፈነ፣ ሥሩ የተጠላለፈ ተራ ሳር። የሚታጠበው ደግሞ ላይኛው አፈር ነው፤ ናይትሮጂኑም ፎስፈረሱም ያለው እሱ ላይ ነው።

የኩበቱን ነገር አልረሳሁም። ለገምቦ፣ ደላንታ፣ መቄት፣ ማገዶ ሲጠፋ እበት ተጠፍጥፎ ይነዳል። ሲነድ ናይትሮጂኑ ከጭሱ ጋር ይበርራል። ፎስፈረሱ አመዱ ውስጥ ይቀራል፤ አመዱ ግን ከቤት ጀርባ ይደፋል። እናት ምን ታድርግ? ልጆቿ እራት ይበላሉ። "ኩበት አታንዱ" ማለት ቀላል ነው፣ እኔ አልልም። እዚህ ላይ ባህር ዛፍን ማመስገን አለብኝ። የባህር ዛፍ ማገዶ ያላት ቤት እበቷ ወደ እርሻ ይወጣል። ባህር ዛፍን የሚወቅስ ሰው ይህንን ሳያነሳ ካለፈ ሐቀኛ አይደለም። አመዱን ግን ከነገ ጀምሮ ጓሮ ላይ መበተን ይቻላል። ወጪ የለውም።

አሁን ብዙዎቻችሁ የምትሠሩበት ላይ ልምጣ፤ ከንክኪ ነፃ የተደረገ፣ ሰውና ከብት እንዳይገባበት የተከለለ መሬት። ወሎ ውስጥ በደርግ ጊዜ ብዙ ተራራ ተከልሎ ነበር። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ተቆረጠ፤ ሕዝቡ የእኔ ነው ብሎ አላመነም ነበርና። ያንን ያየ ሰው ይህ ሥራ በገበሬው ፈቃድ ካልሆነ እንደማይዘልቅ ያውቃል።

መሬት ሲከለል መጀመሪያ የሚመጣው አረም ነው። "ምን ዋጋ አለው" ይባላል። አብሽሩ። ቀጥሎ ሰርዶ ይመጣል፣ ከዚያ ሰንበሌጥ፣ ከዚያ አጋም፣ ቀጋ፣ ክትክታ። እዚህ ጋ ነው የሚያናድደኝ ነገር የሚፈጸመው። ቁጥቋጦው ደህና ሲይዝ "ችግኝ መትከያ ቦታ እናጽዳ" ተብሎ ይመነጠራል! ቁጥቋጦው እኮ የወይራ ሞግዚት ነው። ወፍ የወይራ ፍሬ በልታ አጋሙ ላይ ታርፋለች፣ ዘሩን እዚያው ትጥላለች። እሾሁ ፍየል ያስቆማል። ጥላው አፈሩን ያቀዘቅዛል። የረገፈው ቅጠሉ ይመግባል። ወይራው አጋሙ መሃል ሆኖ ያድጋል። እኛ አጋሙን ቆርጠን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ከችግኝ ጣቢያ የመጣ ችግኝ እንተክላለን፤ በበጋ ይደርቃል። በዓመቱ እዚያው ጉድጓድ ላይ እንደገና እንተክላለን።

ሌላም አለ። ለብዙ ዓመት ጨርሶ ከተዘጋ ደግሞ ሰንበሌጡ ያድግና ማገጡን ያጠላበታል፤ ማገጥ ይጠፋል። ስለዚህ መዘጋቱ መጀመሪያ እንጂ ለዘላለም አይደለም። መታጨድ አለበት። ጎረቤቶቻችን መንዞች ጓሳ የሚባለውን የሳር መስካቸውን ለዘመናት እየዘጉና እየከፈቱ ነው ያቆዩት። አጨዳው ግን የማገጥ ዘር ሳይረግፍ ከሆነ ለሚቀጥለው ዓመት የሚበቅለው ያንሳል። ጥቂት ሳምንት መታገስ ነው። ሳሩ ትንሽ ይጠነክራል፣ እውነት ነው። መስኩ ግን ይተርፋል።

ከጥያቄዎቹ ጥቂቶቹ እነሆ።

አንድ አባት ተነስተው እንዲህ አሉ፦ "ልጄ፣ ያልከው ጥሩ ነው። ግን ተራራውን ከዘጋችሁት ከብቴን የት ላድርሰው? ሳር እያየ ሊሞት ነው?"

አባቴ፣ ጥያቄው የእርስዎ ብቻ አይደለም፣ የሁሉም ነው። ተራራው ሁሉ በአንድ ጊዜ ከተዘጋ እርስዎ ትክክል ነዎት፤ ሌሊት ይገባበታል፣ ጠብ ይመጣል። ግማሹን ዘግቶ ግማሹን መክፈት፣ የተዘጋውንም አጭዶ ለባለ ድርሻው ማካፈል ነው የሚሠራው። መጀመሪያው ዓመት ላይ ይከብዳል። ሁለተኛው ላይ ከተዘጋው የሚታጨደው ሳር ከተከፈተው በልጦ ሲያዩ ጎረቤትዎ ራሱ ይጠይቅዎታል። ከብቱ ቤት ሲቀለብ ደግሞ እበቱና ሽንቱ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ሽንቱን አይናቁት፤ ላም ከበላችው ናይትሮጂን ቀላል የማይባለው የሚወጣው በሽንት ነው። ገለባ አንጥፈውበት ከእበቱ ጋር ጉድጓድ ውስጥ ያብላሉት።

አንዲት የግብርና ባለሙያ "ከላይ የሚጠየቀው የችግኝ ቁጥር ነው። ስለ ሳር ብጽፍ ማን ይቀበለኛል?" አለች።

እህቴ፣ ቅጹ ላይ ቦታ እንደሌለው አውቃለሁ። ቅጹ መለወጥ አለበት፤ ይህንን በየመድረኩ እናገራለሁ። እስከዚያው ግን ከቁጥሩ ጎን አንድ መስመር ጨምሪ፦ "በዚህ ተፋሰስ ይህን ያህል ዓይነት ሳርና ቁጥቋጦ ተገኘ።" ለብዙ ዓመት አንድ ሰው ይህንን ከጻፈ መረጃ ይሆናል። እርከኑ አፋፍ ላይም ሁልጊዜ ዝሆኔ ሳር ብቻ አታስተክሊ። ማገጥና የአካባቢውን ሳር ቀላቅዪበት።

የመጨረሻው ከአንድ ተማሪ ነው። "እኛ የላቲን ስም አናውቅም፤ እንዴት እንቁጠር?" አለ።

አትፍራ፣ የላቲን ስም አያስፈልግም። ከገመድና ከአራት እንጨት አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ማዕዘን ሥሩ። ሦስት ቦታ አስቀምጡት፦ ደብር ወይም መስጊድ ግቢ ውስጥ፣ የተከለለ መሬት ላይና ክፍት ግጦሽ ላይ። በእያንዳንዱ ቦታ ደጋግሙት፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይበቃም። የምታውቁትን በስሙ ጻፉ። የማታውቁትን ከየዓይነቱ አንድ አንድ ቆርጣችሁ ጋዜጣ መሃል አድርቁና ቁጥር ስጡት። ከዚያ ወደ አያቶቻችሁ ውሰዱት፤ አብዛኛውን በስሙ ይነግሯችኋል፣ የትኛውን ከብት እንደሚወደው፣ የትኛው እንደሚመርዝም ጭምር። መስከረም ላይ ቁጠሩ፤ ያኔ ሳሩ ሁሉ ዛላ ስለሚያወጣ ለመለየት ይቀላል። የመጀመሪያው የበልግ ዝናብ እንደወረደ ድገሙት፤ ሥራቸው ሳይሞት በጋውን የከረሙትን ለይታችሁ ታውቃላችሁ። ማገጥ የት የት እንዳለም በካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ዘሩ ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሚደርስ ካርታውን ከዚያ በፊት ለቀበሌያችሁ የግብርና ባለሙያ አድርሱት፤ ለእርከኑ የሚሆነው ዘር የሚለቀመው ያኔ ነው።